ላልነበረ ሰው የሚፈስ ዕንባ

በዚህ ዕትም የምናነሣው ጥያቄ ከመጻሕፍት የተነሣ ነው፤ ነገር ግን በመጻሕፍት አያበቃም። ሰው ልብ ወለድ መጽሐፍ እያነበበ፣ ማለትም ከቶ ተወልዶ ለማያውቅ ሰው ሲያለቅስ፣ ያ ዕንባ ደግነት ነውን? ወይስ ደግነትን የሚመስል ሌላ ነገር ነው?

እኛ በሐርተሼክ የምንገኝ ወጣቶች፣ ከፊላችን በጅጅጋ የምንማር፣ ከፊላችን በሱቅና በመኪና ሥራ የምንተዳደር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለን። ይህ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ ሁላችንም ጨረስነው። ከዚያም የሆነው፣ ያለቀሱና ያላለቀሱ በሚል ለሁለት መከፈል ነበር። ክርክራችንን ከጎን ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንድ አባት፣ «ላልነበረ ሰው እናንተ ታለቅሳላችሁ፤ ለነበረውስ ማን ያልቅስ?» አሉን። ቀልድ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። እኛ ግን ነገሩን ይዘን ወደ ቤታችን ሄድን፤ ይህም ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው።

መቼም ስለዚህ መጽሐፍ የማያውቅ ወጣት አለ ብለን አንገምትም። በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ከፋሽስት ወራሪ ጋር ተዋግተው፣ ተማርከው፣ በጣልያን አገር በደሴት እስር ለዓመታት የኖሩ ሰው ናቸው። ኋላም መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰማው። ታላላቆቻችን ያንን ጊዜ ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል፤ የበዛብህን ሞት የጎረቤት መርዶ እንደ ሰማ ሰው ነው የሚያወሩት። እንግዲህ አንድ ደራሲ በወረቀት ላይ የፈጠረው የዲማ ደብተራ ለአገር ሙሉ ሰው ዘመድ ሆነ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ደግመን ስናነበው አንድ ነገር ታየን። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ባላገሮች አሉ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ አምጡ ሲሏቸው፣ ቢለምኑ አልሰማ ቢሏቸው፣ በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ናቸው። የእነርሱ መከራ ከሁለቱ ወጣቶች ፍቅር ያንሳልን? በቁጥር ቢሆን ብዙ ናቸው፤ በችግርም ቢሆን የሚበልጣቸው የለም። ሆኖም ከእኛ መካከል ለባላገሮቹ ያለቀሰ አንድም አልተገኘም። ዕንባችን ሁሉ የሄደው ወደ ሰብለ ወንጌልና ወደ በዛብህ ነው። ለምን ቢባል፣ ሁለቱን በስም፣ በመልክ፣ በልብ አሳብ እናውቃቸዋለን። ባላገሮቹን የምናውቃቸው በጅምላ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ዕንባ ወደ መከራው ብዛት ሳይሆን ወደ ቀረበው ፊት የሚፈስ መሆኑን ነው።

ሌላም አለ፤ ስለ ጉዱ ካሳ። ይህን ሰው የማይወድ አንባቢ አላጋጠመንም። እውነት በመናገሩ እብድ የተባለ፣ ከዘመዶቹ ተለይቶ የቆመ ሰው ነውና እንወደዋለን። መልካም! ታዲያ በየሰፈራችን አንድ አንድ ጉዱ ካሳ አይጠፋም። በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ሁሉ የተስማማበትን ነገር የሚያፈርስ፣ ልብሱ እንደ ነገሩ የሆነ፣ አንዴ ከጀመረ የማያቆም ሰው። እርሱ እጁን ሲያወጣ ሰብሳቢው ወደ ሌላ ወገን ያያል፤ ጎኑ የተቀመጠውም ፈቀቅ ይላል። በመጽሐፍ ያለው ጉዱ ካሳ ግን ሲያሰለቸን ገጹን እንገልጣለን፤ አጠገባችን አይቀመጥም፤ ከእኛ ጋር ታየ ተብሎ ስማችን አይጠፋም። እንግዲህ በመጽሐፍ የምንወደውን ሰው በሰፈር የምንሸሸው ከሆነ፣ የወደድነው ማንን ነው? ሰውየውን ወይስ የደራሲውን እጅ?

ይህን የጠየቅነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ከእኛ በፊት ከ1,600 ዓመታት በላይ፣ በዚችው በአፍሪቃ ምድር፣ ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር በ354 እ.ኤ.አ. የተወለደው አውግስጢኖስ ጠይቆታል። ስለ ሕይወቱ በጻፈው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ ልጅ ሳለ በሮማዊው ባለ ቅኔ በቨርጂል መጽሐፍ ስለ ፍቅር ራሷን ለገደለች ዲዶ ለተባለች ንግሥት ማልቀሱን ይነግረናል፤ የገዛ ነፍሱ ሁኔታ ግን በዚያን ጊዜ አላስለቀሰውም ነበር። ስለ ቲያትር ቤትም ሲናገር ብርቱ ነገር ያነሣል፦ ተመልካቹ የተጠራው እንዲያዝን ነው እንጂ እንዲረዳ አይደለም ይላል። አሳቡ ይህ ነው። በመድረክ የሚታረደውን ማንም ተነሥቶ አያድነውም፤ እንዲያውም ሐዘኑ ያልጣመው ሰው እያጉረመረመ ይወጣል።

ከእርሱ በኋላ በ1890 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ጄምስ ስለ ሥነ ልቡና በጻፈው መጽሐፍ አንዲት የሩስያ ወይዘሮ በምሳሌ ያነሣል። ወይዘሮዋ በቲያትር ቤት ተቀምጣ በመድረክ ላይ ላሉት ሰዎች ታለቅሳለች፤ በዚያን ሰዓት ባለ ሠረገላዋ ደጅ ላይ በመቀመጫው እንዳለ በብርድ ደርቆ ይሞታል። ጄምስ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ደስ ይላል፤ ሰው ከሙዚቃም ከቲያትርም የተነሣ ልቡ ከተነካ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ይሥራ ይላል፤ ትንሽም ቢሆን፣ ለአክስቱ ደግ ቃል መናገር ወይም በሠረገላ ውስጥ ወንበር መልቀቅም ቢሆን። ሳይሠሩ መነካት ልማድ ይሆናልና።

እዚህ ላይ ግን ማቆም አይገባንም፤ ምክንያቱም ወሬው ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። «እንግዲያው ልብ ወለድ ይቅር» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ በእኛም መካከል ነበሩ። ጊዜ ማባከን ነው፣ ሐሰት ነው፣ ያልሆነን እንደ ሆነ መናገር ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ወይዘሮዋ ቲያትር ባትሄድ ኖሮ ባለ ሠረገላዋን ወደ እሳት ዳር ትጠራው ነበርን? ቤቷ ተቀምጣ ካርታ ስትጫወትም ያው ደጅ በሆነ ነበር። ልብ ወለድ የማያነቡ ሰዎች ሁሉ ርኅሩኆች ቢሆኑ ኖሮ ክርክሩ ባለቀ፤ ነገር ግን ይህን የሚያሳይ ምልክት በአገራችን አላየንም። ደግሞም ምሳሌ ሐሰት አይባልም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀው ሰው ስሙና አባቱ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። በምሳሌ የተነገረ ሰው ነው። ሆኖም ያ ምሳሌ የተነገረው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ለሚል ጠያቂ እንደ ነበረና ጠያቂው ዕንባ ሳይሆን ሥራ እንደ ታዘዘ ሁላችን እናውቃለን።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። እኛ የምንኖርባት ሐርተሼክ ዛሬ ለሚያልፍባት መንገደኛ አቧራማ የገበያ ከተማ ናት። በግንቦት 1980 ዓ.ም. ግን በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ተነሣ። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ቡርኦና ሐርጌሳ በገቡ ጊዜ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተሞቹን በመድፍና በአውሮፕላን መታ። ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡ አውሮፕላኖች እዚያው ሐርጌሳን ደበደቡ፤ ማለትም ተነሥተው ከተማቸውን መትተው እዚያው ያርፉ ነበር። ሕዝቡ በእግሩ ድንበር ተሻገረ። ብዙው የሠፈረው በእኛዋ በሐርተሼክ ሜዳ ላይ ነው። ከ250,000 በላይ ሰው የያዘበት ጊዜ ስለ ነበር በዓለም ትልቁ የስደተኞች ሠፈር ተብሎ ተጠርቷል። ወንዝ በሌለበት ሜዳ ውኃ በቦቴ መኪና ይመጣ ነበር። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞች በመንግሥታቱ ድርጅት አማካይነት እየተመለሱ፣ በሰኔ 1996 ዓ.ም. ሠፈሩ ተዘጋ።

አንድ ሩብ ሚሊዮን ሰው! በዲማና በደብረ ማርቆስ መካከል ስለ ሆነው ነገር ቅጠሉ እስኪረግፍ አንብበናል። በእግራችን ከምንረግጠው መሬት ላይ ስለ ሆነው ግን በአማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ በእጃችን ገብቶ አያውቅም። እንግዲህ የአባታችን ጥያቄ እዚህ ላይ ስለት ያወጣል። ለነበረው ማን ያልቅስ?

ለመልሱ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። በገበያው ጥግ የወተት ሻይ የሚሸጡ፣ ኤዶ እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት አሉ። በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ በእግራቸው መጥተው፣ ሌሎች ሲመለሱ እርሳቸው እዚሁ ቀሩ። ሦስት ሆነን አንድ ከሰዓት በኋላ ታሪካቸውን ጠየቅናቸው። በደስታ ጀመሩ። ነገር ግን ታሪኩ እኛ በለመድነው መንገድ አልሄደም። መጀመሪያ ስለ አንዲት አህያ ዋጋ ነገሩን፤ ከዚያ ስለ ድስት። ከባለቤታቸው እኅት ጋር በመንገድ ላይ ድስቱን ማን ይሸከም በሚል የተጣሉትን ጠብ፣ እርሷ ያለችውን፣ እርሳቸው የመለሱትን፣ ደግማ ያለችውን። በመካከሉ ሻይ ቀዱ፤ ከአንድ ሹፌር ጋር ስለ ድሮ ዕዳ ተከራከሩ፤ እንደገና ወደ ድስቱ ተመለሱ። ስለ አውሮፕላኖቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፉ። በመንገድ ስለ ሞተው ሕፃን ልጃቸው ደግሞ በግማሽ ዐረፍተ ነገር፤ ከዚያም ወደ ድስቱ። ስንነሣ፣ «ልጆቼ፣ ከጅጅጋ ስትመለሱ ለጉልበቴ ቅባት ከመድኃኒት ቤት አምጡልኝ» አሉን።

በመጽሐፍ ያለ ሰው ቅባት አይጠይቅም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ሐዲስ ዓለማየሁ የበዛብህን መከራ ሲጽፉ ፍሬውን አስቀርተው ገለባውን አበጥረው አውጥተዋል፤ ኤዶ ግን ያልተበጠረውን እህል ከነአቧራው ነው የሰጡን። ድስቱ ለምን ያን ያህል ቦታ እንደ ያዘ ያወቅነው ቆይተን፣ እርስ በርሳችን ስንነጋገር ነው። ስለ ልጁ ማውራት የማይችል ሰው ስለ ድስት ያወራል። ይህንን ያስተዋለችው ደግሞ ከመካከላችን ልብ ወለድ አብዝታ የምታነብ እኅታችን ናት። እርሷም፣ «ደራሲዎች ሰውን እንዲህ ነው የሚያናግሩት፤ ዋናውን ነገር አይናገርም፤ በዙሪያው ይዞራል» አለችን። ስለዚህ ልብ ወለድ ማንበብ ለጆሮ የሚሰጠው ትምህርት አለ ማለት ነው። ትምህርቱ ግን በጆሮ ካልዋለ፣ መዝሙር አጥንቶ ዝም እንደሚል ሰው ይሆናል።

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች በዚህ ረገድ ከእኛ የጠለቀ ልማድ አላቸው። ቋንቋቸው ይፋዊ ጽሕፈት ያገኘው በ1972 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አብዛኛው ሥነ ጽሑፋቸው በቃል ነበር። ግጥሙ በየስንኙ በአንድ ፊደል ድምፅ የሚጀምር ቃል እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ በመቶ ስንኝ ቢሄድም ያንኑ ድምፅ ይዞ ይዘልቃል። የሌላውን ግጥም በቃሉ ይዞ የሚያደርስ ሰው የገጣሚውን ስም መናገር፣ ቃሉንም አለመቀነስና አለመጨመር ይጠበቅበታል። ኋላም የካሴት ዘመን በመጣ ጊዜ ግጥሙ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተቀዳ ድንበር ተሻገረ። ከዘመናችን ገጣሚዎቻቸው ስመ ጥሩ ሐድራዊ በዚያድ ባሬ መንግሥት ከ1973 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ታስሮ፣ ኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ ከንቅናቄው ጋር ሆነ። በ2022 እ.ኤ.አ. በሐርጌሳ ዐረፈ። ያች በአውሮፕላን የፈረሰች ሐርጌሳም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርኢት የሚደረግባት ከተማ ሆነች። ከዚህ ከሐርተሼክ ሜዳ ተነሥተው የተመለሱ ልጆች ዛሬ በዚያ መጽሐፍ ሲገዙና ሲሸጡ ማሰብ ደስ ያሰኘናል።

አሁን ከሁሉ ወደ ከበደው ጥያቄ ደርሰናል። ዕንባችን ከእኛ ወገን ላልሆነ ሰው ሲፈስስ? ኑሩዲን ፋራህ የተባለ ሶማሌ ደራሲ በ1945 እ.ኤ.አ. በባይዶዋ ተወልዶ በእኛው በኦጋዴን፣ በቀላፎ ከተማ አደገ፤ በልጅነቱ አማርኛም ተምሯል። በ1986 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ «ካርታዎች» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ እናቱ ስትወልደው የሞተችበትን አስካር የተባለ የቀላፎ ልጅ፣ ሚስራ የተባለች ከደጋ የመጣች ኢትዮጵያዊት፣ ሶማሌ ያልሆነች ሴት አንሥታ ታሳድገዋለች። ጦርነቱ ይመጣል። ልጁ ወደ ሞቃዲሾ ይሄዳል። ቆይቶ፣ ሚስራ ከተማዋን ለኢትዮጵያ ጦር አሳልፋ ሰጠች የሚል ወሬ ይነሣባታል፤ በመጨረሻም ትገደላለች። በእርግጥ አድርጋው እንደ ሆነ መጽሐፉ ቁርጥ አድርጎ አይነግረንም።

ይህን መጽሐፍ በጅጅጋ አካባቢ ሆኖ ማንበብ በሌላ አገር ሆኖ እንደ ማንበብ አይደለም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ በየካቲት ወር በዚያው ዓመት ተመለሰች። የካራማራን ድል በመዝሙር ያደግን ልጆች አለን፤ ያንኑ ጦርነት በሐዘን የሚያስታውስ ቤት ያደጉ ጓደኞችም በአንድ የመማሪያ ክፍል አሉን። ከመካከላችን አንዱ መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ፣ «እኔ በጦርነቱ የሞተ አያቴን አሰብኩ፤ በእርሱ ላይ የተነሣ ሰው የጻፈውን እያነበብኩ ማዘን አያቴን መካድ መሰለኝ» አለ። ይህን ቃል ማቃለል አይገባም። ሙታን ክብር አላቸው።

ሆኖም እኛ ለዚህ ወንድማችን የመለስንለት እንዲህ ነው። ደራሲው የጻፈው ለሚስራ ነው፤ ሚስራ ደግሞ ከእኛ ወገን ናት። ያም ሰው የኛን ሴት በእንባ ጻፋት። እርሱ ያን ያህል መንገድ ከሄደ አንባቢው ግማሹን ቢሄድ ክህደት አይባልም። ደግሞም ሚስራን የገደሏት በአንድ በኩል ብቻ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው፤ ያሳደገችውን ልጅ ሳይቆጥሩ የተወለደችበትን አገር ብቻ ቆጠሩ። ወንድማችን ይህን ሰምቶ ዝም አለ። እንደ ተስማማ አድርገን አንጽፍም፤ አልተስማማም ይሆናል።

ወደ ተነሣንበት ስንመለስ፣ በመጽሐፍ ላይ የሚፈስ ዕንባ በራሱ ደግነት አይደለም፤ ክፋትም አይደለም የሚል ነው አሳባችን። ብድር ይመስላል። ደራሲው አበድሮናል፤ የሚከፈለው ግን ለደራሲው ሳይሆን ለሌላ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ታሪኩን አሳምሮ መናገር ለማይችል፣ ቅባት ለሚጠይቅ ሰው።

የኤዶን ታሪክ በዚህ ዕትም ለማውጣት አስበን ነበር። ቅባቱን ስናደርስላቸው ፈቃዳቸውን ጠየቅን። «ጻፉት፤ ግን ምንም እንዳትቀንሱ» አሉን፤ የአገራቸው ሕግ ነውና። እኛም ጻፍነው። አዘጋጆቹ የሰጡን ሁለት ገጽ ሲሆን የድስቱ ጠብ ብቻ ሦስት ገጽ ሆነ። ድስቱን አሳጥረን እናውጣው ብለን ተመልሰን ብንለምናቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለዚህ ለጊዜው በደብተራችን እንዳለ ተቀምጧል፤ ማንበብ የሚፈልግ ከእኛ መዋስ ይችላል።